ሃምሳው ሎሚ በማን ቦርሳ ነው?

በማታው ክፍለ ጊዜ «የድርጅት ንድፈ ሐሳብና አመራር» የሚባለውን ኮርስ የሚወስድ ሰው ሁሉ ቀን ቀን አለቃ ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ሌክቸረሩ የሄንሪ ፋዮልን 14 መርሆዎች ሲዘረዝር ክፍሉ የሚስቀው በየራሱ ምክንያት ነው። ፋዮል ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራ አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ መሆን አለበት ይላል። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «የአለቃዬ ጸሐፊስ?» አለች። ሌክቸረሩ ፈተና ላይ እንደማይመጣ ነገራት።

ቀጥሎ ቺካጎ አጠገብ ያለው የሆውቶርን ፋብሪካ መጣ። ከ1924 ጀምሮ አጥኚዎች የፋብሪካውን መብራት ጨመሩ፣ ምርት ጨመረ። መብራቱን ቀነሱ፣ ምርት አሁንም ጨመረ። ሰው የሚያየው እንዳለ ሲያውቅ ይበረታል ተብሎ ተተረጎመ። የኛ መሥሪያ ቤት ለዚህ ጥናት አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማኪያቶ ሊጠጣ ይወጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ማኪያቶው ገና አላለቀም።

ዋናው ነገር ግን ግሩፕ አሳይመንቱ ነው። ርእሳችን «የአመራር ዘይቤዎች» ነበር። መሪ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዱ ሚስቱ አራስ ናት፣ አንዷ መሥሪያ ቤቷ ኦዲተር ገብቶባታል፣ አንዱ ምንም ምክንያት ስለሌለው ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ። በመጨረሻ አንዷን ልጅ «አንቺ ላፕቶፕ አለሽ አይደል?» አልናትና ተሾመች። ሃንዳውታችን መሪ የሚያሰኙ ባሕርያትን አንድ ገጽ ሙሉ ሲደረድር ላፕቶፕን መዝለሉ ይገርማል።

የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሳምንት በእንኳን አደረሳችሁ፣ በአበባና በሻማ አለፈ። ከዚያ ልጅቷ «ክፍል ሁለትን ማን ይሠራል?» ብላ ጻፈች። ከሁላችንም የአውራ ጣት ምልክት ደረሳት። ሰው አልደረሳትም።

ነገሩን ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ቀድሞ ደርሶበታል። ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ለክቶ ውጤቱን በ1913 አሳተመ፤ ስምንት ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ገደማ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶቻችን ግሩፕ አሳይመንት አልሠሩም መሰለኝ። በኛ ቡድን ሎሚው በሙሉ በባለላፕቶፗ ቦርሳ ነው፤ ጌጡን ግን ሁላችንም እኩል አጊጠናል። እኔም ብሆን የሽፋን ገጹን አርሜያለሁ፤ የስሜ ፊደል ተሳስቶ ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ለሰፈራቸው እድር ዳኛ ናቸው። ሁለት ሳምንት በትዕግሥት ሲያዩን ቆዩና «ልጆች፣ እኛ ድንኳን ሲተከል ስም እንጠራለን። ያልተገኘ ይቀጣል። እዚህም ያልመጣ 50 ብር ያስገባ» አሉ። ከመካከላችን ሱፍ ለባሹ ከቤቱ ሆኖ በድምፅ መልእክት መለሰ፤ «ጋሼ፣ ይሄ አምባገነናዊ አመራር ነው፤ የኛ ግሩፕ የሚከተለው አሳታፊውን ነው።» ሐሳቡ በአውራ ጣቶች ጸደቀ።

የሚያሳዝነው ጋሼ ልክ መሆናቸው ነው። የነሪንግልማንን ነገር ኋላ ያጠኑ የሥነ ልቦና ሰዎች የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ ሲታወቅ ልግመቱ እንደሚቀንስ አይተዋል። እድር ይህን በአንድ ደብተርና በአንድ ስም ጠሪ ከሠራው ስንት ዘመኑ! ይኸው ሱፍ ለባሽ ራሱ በሰፈሩ ለቅሶ ላይ የድንኳኑን ካስማ ቀድሞ የሚይዝ ነው ይባላል።

አሳይመንቱ ላይ የኩርት ሌዊን ጥናትም አለ (ማን እንደጻፈው ይታወቃል)። ሌዊንና ባልደረቦቹ በ1939 ባወጡት ጥናት የአሥር ዓመት ገደማ ልጆችን በአምባገነን፣ በዲሞክራሲያዊና በልቅ መሪ ሥር አሠሯቸው። አምባገነኑ ከክፍሉ ወጣ ሲል የሱ ልጆች ሥራቸውን ያቆማሉ፤ የዲሞክራሲያዊው ልጆች ይቀጥላሉ። ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አዳማ ወርክሾፕ የሄደ ዕለት የኛን ቢሮ ማየት ይበቃል። ደግነቱ ልጆቹ ሲያቆሙ አበል አልጠየቁም።

የፕሬዘንቴሽኑ ቀን ሱፍ ለባሹ ክራባት አስሮ ከሁላችንም ቀድሞ ተገኘ። ስለ አሳታፊ አመራር ሲናገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። ሌክቸረሩ «የቡድኑ መሪ አንተ ነህ?» ሲለው «በጋራ ነው የሠራነው» አለና አንገቱን በትሕትና ሰበረ። ሌክቸረሩ በጣም ደስ አለው። ከዚያ ላፕቶፑ አጠገብ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞረና «አንቺስ የትኛውን ክፍል ሠራሽ?» አላት።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። «ስላይድ እየቀየርኩ ነው» አለች።

ሌክቸረሩ ወረቀቱ ላይ ስለ ተሳትፎዋ አንድ ነገር ጻፈ፤ ፊቱን ሳየው ጥሩ ነገር አይመስልም። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ ባለክራባት የየት እድር አባል ነው? ገንዘብ ያዥ እንዳያደርጉት ንገራቸው» አሉኝ።