ድምፅ የሰማ ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ የለበትም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የጤና ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማና ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው ሰው ያለ ጥርጥር ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት፣ ተጨማሪ ምርመራም የቤተሰብን ገንዘብ መጨረስ ብቻ እንደሆነ አስረግጠው ሲናገሩ፣ አዘጋጁ አንድም ጥያቄ ሳያነሣ አለፈ። ይህ አባባል ሰው ይገድላል።

ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ለጾም ወይም ጠበል ለመግባት ብሎ በአንድ ጊዜ ሲያቆም ምን ሊደርስበት እንደሚችል እንግዳው አያውቁም ማለት ይከብዳል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ በግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ሊገድሉት የመጡ ሰዎች ደጅ የቆሙ ይመስለዋል። ሕመሙ ዴሊሪየም ትሬመንስ ይባላል፤ በጊዜው ካልታከመ ሕይወት ያጠፋል። የሚያስፈልገው እንደ ዳያዜፓም ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽና የቅርብ ክትትል ነው። «ስኪዞፍሬኒያ ነው» ተብሎ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ክሎርፕሮማዚን ብቻ ቢሰጠው ግን፣ መድኃኒቱ ራሱ ለሚጥል መንቀጥቀጥ ይበልጥ ሊያጋልጠው ይችላል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ሳይመረምሩ ስም ለጥፎ መሸኘት ሕክምና ሊባል አይገባም።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እንኳ ስኪዞፍሬኒያ ለማለት ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር መቆየታቸውን፣ ከዕፅ፣ ከመድኃኒት ወይም ከሌላ ሕመም የመጡ አለመሆናቸውንም ማረጋገጥን ይጠይቃል። እንግዳው ታዲያ በምን መለኪያ ነው በአንድ ጀንበር የሚፈርዱት?

ከመጠን ያለፈ ጫትና የእንቅልፍ እጦት ጥርጣሬን ያነግሣሉ። የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ፣ እንዲሁም ለአስምና ለአለርጂ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ መዘዝ ያመጣሉ። ወባ ወደ አንጎል ሲዘልቅ፣ የሚጥል በሽታና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) መዛባትም እንዲሁ። ከባድ የድብርት ሕመምም ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ዐይናቸው የደከመ አረጋውያን አእምሯቸው ሳይናጋ የሌሉ ሰዎችን ሊያዩ እንደሚችሉ የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ቦኔ የአያቱን ሁኔታ ተመልክቶ የጻፈው በ1760 ነው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት የሟች ባሏን ድምፅ ብትሰማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም እንኳ አይደለም።

የአንጎልን ምስል የሚያነሣው መሣሪያ፣ ኤምአርአይ፣ በየወረዳው እንደሌለ አውቃለሁ። ነገር ግን ትኩሳት ለመለካት፣ የደም ስኳር ለማየት፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚጠጣና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ለመጠየቅ ኤምአርአይ አያስፈልግም።

በወለደች በ2 ሳምንት ውስጥ አእምሮዋ በድንገት የተረበሸ አራስ ከተገቢው ሕክምና ጋር በአብዛኛው ትድናለች። ያን ዝግጅት የሰማ ባሏ ግን የዕድሜ ልክ ፍርድ እንደተፈረደባት አምኖ ይሆናል፤ ስለዚህ አዘጋጁ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጣቢያ ማረሚያ ማሰማት አለበት።