«ልዩ ልዩ» የሚባለው መደብ

ከወሊድ ፈቃድ በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ባለቤቴ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «እስኪ የቁጠባ እቅዳችንን እንየው» አለኝ በሹክሹክታ። ልጁ ገና መተኛቱ ነው። እኛ ቤት አሁን ቁም ነገር የሚወራው ልክ እንደ ሌባ ነው።

ፋይሉን ከፈተው። ስሙ «የመጨረሻው እቅድ» ይላል። የእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ላይ ሆኜ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ የሠራሁት ነው። በየመደቡ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ቁጠባ አረንጓዴ፣ የግድ ወጪ ሰማያዊ። በጣም ያምራል። አንብቤው ስጨርስ አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህን እቅድ ያወጣችው ሴት፣ ልጅ ወልዳ አታውቅም።

ጎበዝ ሴት ነበረች፣ አልዋሽም። ከገቢው 50 ከመቶ ለግድ ወጪ፣ 30 ለአምሮት፣ 20 ለቁጠባ የሚለውን የታወቀ ቀመር ከሆነ ቦታ አግኝታ ሙጭጭ ብላበታለች። ለልጁም አልነፈገችም፤ ከኢንተርኔት ክፍያው ቀጥሎ «ሕፃን» የሚል አንድ መስመር ሰጥታዋለች። አንድ መስመር! ከሱ ሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ልዩ ልዩ» ይላል። ይሄንን መደብ አስታውሱልኝ።

«ዳይፐር፣ በቀን 4» ብሎ አነበበ ባለቤቴ። ተያየን። አራት! አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን እስከ 10 ሊፈጅ ይችላል። በወር 120 ብዬ ያሰብኩት 300 ሆነ ማለት ነው። እነዚያ አራቱን ከየት እንዳመጣኋቸው እንጃ። ምናልባት በቀን አራቴ ከበላ አራቴ ነው ብዬ ይሆናል።

ለካ ይሄም ስም አለው፤ «የእቅድ ስሕተት» ይሉታል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውበታል። ሰው ሲያቅድ ሁሉ ነገር የሚሳካበትን ቀን ብቻ ነው የሚያስበው፤ ያለፈው ልምዱ ሌላ ቢነግረውም አይሰማም። እኔ ደግሞ የማልሰማው ልምድ እንኳ አልነበረኝም።

ወደ «ልዩ ልዩ» ወረድን። ያቺ ትንሽ መደብ ከላይ ያሉትን ሁሉ ውጣ ቁጭ ብላለች። ባለቤቴ አንድ በአንድ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ዳክዬ ይላል። ምንድነው?»

«ቴርሞሜትር ነው።»

«ዳክዬው?»

«የገላ ውሃ የሚለካ። ውሃው ሲሞቅ ቀይ ይበራል።»

«ክርንሽስ?»

መልስ አልነበረኝም። ክርኔ እውነትም እዚያው ነው፤ ለመለካትም ክፍያ አይጠይቅም። ግን ዳክዬዋን የገዛሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ አንድ ጡት ላይ፣ ስልኩ በሌላው እጄ። በዚያ ሰዓት ሰው ክርን እንዳለው አያስታውስም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይተኛል። ግን በችርቻሮ ነው። እናቱ ደግሞ በጅምላ መተኛት የለመደች ፍጥረት ናት። በዚያ መሃል ስልኬ ላይ ያለው መደብር ክፍት ነው፣ ካርዱ ተመዝግቧል፣ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚፈለገው። የጠርሙስ ማሞቂያው፣ የዝናብ ድምፅ የሚያሰማው በግ፣ አንዴም ያልተደረጉት ስድስት ጥንድ ጫማዎች (መራመድ ለማይችል ሰው!)፣ ሁሉም የዘጠኝ ሰዓት ልጆች ናቸው።

እሱም ግን ንጹሕ አይደለም። ልጁን በስልክ የሚያሳየውን ካሜራ ያመጣው ማን ሆነና? የምንኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ካሜራው ሳይነግረን ጎረቤት ይሰማል። «እሱ እኮ ወጪ አይደለም፣ ኢንቨስትመንት ነው» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ታለር፣ ሰው ገንዘቡን በሐሳቡ በተለያየ ቦርሳ ከፋፍሎ ይይዛል፣ የአንዱንም እንደ ሌላው አይቆጥረውም ይላል። ባለቤቴ ሐሳብ ውስጥ «ለልጁ ነው» የሚል ቦርሳ አለ። ታች የለውም።

የልብሱን ጉዳይ ቶሎ አለፍነው፤ ያማል። ዋጋው ከነወረቀቱ የተንጠለጠለበት ሦስት ሙሉ ልብስ ጠቦታል።

ከዚያ ወደ ገቢ ዞርን። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጣው ስምምነት ለወላድ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። በ2000 የወጣው ደግሞ 14 ሳምንት። በ81 ዓመት ሁለት ሳምንት! ቁጠባ ማለትስ ይሄ ነው። ያው የ2000ው ስምምነት ክፍያው በቀድሞ ደሞዝ ላይ ሲሰላ ከሁለት ሦስተኛው እንዳያንስ ይላል። ልጁ ግን ስለ ሁለት ሦስተኛው ማንም አልነገረውም፤ የሚጨርሰው ሦስት ሦስተኛውን ነው።

አሁን ሥራ ስለተመለስኩ ይቀላል ብለን ነበር። ሥራ የተመለስኩት ገንዘብ ለማግኘት ነው። ሥራ ለመሄድ ደግሞ ሞግዚት ያስፈልጋል። ወተት ማለቢያ ፓምፕ ያስፈልጋል። የሚዘጋ ሱሪ ያስፈልጋል። ቢሮ ሆኜ የማልበው ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ከተበላሸ ፕሪንተር ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። ሁለታችንም እናጓራለን። ባለፈው ማክሰኞ አለቃዬ አንኳኩቶ «ስብሰባ ተጀምሯል» ሲለኝ፣ እኔ ደግሞ የሞግዚቷን ክፍያ በሰዓት እያካፈልኩ ነበር። ከኔ በሰዓት ብዙም አትርቅም። ያውም እሷ ልጁን ትስመዋለች።

«እሺ፣ ቁጠባው የት ደረሰ?» አልኩት በመጨረሻ።

አረንጓዴዋን መደብ ተጫናት። ዜሮ። ያለፈው ወርም ዜሮ። ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ከዜሮ በታች ነው፤ ለካ ከቁጠባ በታችም ወለል አለ። «የአደጋ ጊዜ» ብለን የያዝነው የሦስት ወር ወጪ እንኳ የለም። አደጋው ገና ሦስት ኪሎ ተኩል እያለ ነው የጨረሰው።

ከዚያ ባለቤቴ ሌላ ገጽ ከፈተ። እናቴ ልጁ እንደተወለደ በስሙ የከፈተችለት የባንክ ሒሳብ ነው። ማንም አልነካውም። በየወሩም ትጨምርበታለች። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። በዚህ ቤት የቁጠባ እቅዱን ያሳካው ሰው እሱ ብቻ ነው። ሥራ የለውም። ጥርስም የለውም።

«በ6 ከመቶ ወለድ ቢቀመጥ በ12 ዓመት እጥፍ ይሆናል» አለኝ። 72ን ለወለዱ ስታካፍል እጥፍ የሚሆንበት ዓመት በግምት ይወጣል፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል። እኔም ልጁን አሰብኩት። ገና አምስት ወር ሊሞላው ነው፣ ክብደቱ ከተወለደበት እጥፍ ሆኗል። ገንዘቡ 12 ዓመት የሚፈጅበትን ነገር እሱ አምስት ወር ሳይሞላው ጨረሰው።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብንበደረውስ?»

«ማንን?»

«እሱን።»

«ለምን?»

«ለዳይፐር።»

«ለራሱ ዳይፐር ከራሱ እንበደር?»

«ተጠቃሚው እኮ ራሱ ነው» አለ፣ እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ እግሩን አጣጥፎ።

አፍሬ ነበር። እናቴ ብትሰማ ዕድሜ ልኬን አትለቀኝም። ግን የዳይፐሩ ካርቶን ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ደሞዝ ደግሞ ስድስት ቀን ይቀረዋል። «ልዩ ልዩ» ሥር አዲስ መስመር ከፍቼ «ብድር፣ ከልጁ» ብዬ ጻፍኩ።

«ወለዱን ስንት እናድርገው?» አለኝ።

ልነግረው አፌን ስከፍት ካሜራው በራ። ትንሽ እግር ተነሣ። ቀጥሎ ያ የምናውቀው ድምፅ መጣ።

ባለቤቴ ላፕቶፑን በቀስታ ዘጋው። «አበዳሪው ተነሣ» አለኝ።