ለ12 በመቶ ቅናሽ ግሪን ካርድ ማስያዝ

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማሪዋና በፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር ዝርዝር ከጥብቁ አንደኛ እርከን ወደ ላላው ሦስተኛ እርከን በፍጥነት እንዲወርድ የሚያዘውን ትዕዛዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ከፈረሙ ወዲህ፣ በሜሪላንድ አበሻ ዘንድ አንድ ምክር ይዞራል። «የሕክምና ማሪዋና ካርዱን አውጡ፤ ታክስ የለበትም፤ ፌዴራሉም ፈቅዶታል።» የታክሱ ነገር እውነት ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የካናቢስ (የማሪዋና) ታክሷን ከ9 ወደ 12 በመቶ ስታሳድግ የተመዘገቡ ታካሚዎችን አላስከፈለችም። «ፌዴራሉም ፈቅዶታል» የሚለው ግን ዜግነት ለሌለው ሰው ቤት የሚያፈርስ ወሬ ነው።

የኢሚግሬሽን ሕጉ አንደኛ እርከን፣ ሦስተኛ እርከን ብሎ አይለይም። «ቁጥጥር የሚደረግበት ንጥረ ነገር» ይላል፤ አምስቱም እርከኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። ኬታሚን ሦስተኛው ላይ ነው፣ ቴስቶስትሮንም እንደዚሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይዟቸው የተገኘ ሰው «ሦስተኛ እርከን እኮ ነው» ብሎ የዳነበትን አገር አሳዩኝ።

ካርዱስ ማዘዣ አይደለም ወይ? አይደለም። ሐኪሙ የሚሰጣችሁ «ይህ ሰው ሊጠቅመው ይችላል» የሚል ማረጋገጫ ነው። በሜሪላንድ ይህን ማረጋገጫ ለመስጠት የተመዘገበ የጥርስ ሐኪምም፣ የእግር ሐኪምም፣ አዋላጅ ነርስም ሊጽፈው ይችላል። ሲቪኤስ ይዛችሁት ብትሄዱ ፋርማሲስቱ ፈገግ ብሎ ይመልስላችኋል። ካርዱ ከሜሪላንድ ፖሊስ ያስጥላል፤ ከዚያ ወዲያ አቅም የለውም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት ሕግ የተፈቀደ የማሪዋና ድርጊትም ቢሆን ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ሊያስጥል እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ሕጉ የተወው ቀዳዳ አንድ ነው፦ ለራስ መጠቀሚያ የሆነ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ይዞታ። የሜሪላንድ ካርድ ደግሞ በ30 ቀን እስከ 120 ግራም የማሪዋና አበባ ያስገዛል። ስቴቱ በፈቀደላችሁ ልክ የገዛችሁ ቀን የፌዴራሉን ቀዳዳ አራት እጥፍ አለፋችሁት። በወሩ ስትደግሙት ደግሞ «አንድ ጊዜ» የሚለውም ቀረ።

«የታካሚው መዝገብ ምስጢር ነው፣ ማን ያያል?» የሚሉ አሉ። እሺ፣ ምስጢር ይሁን። መኮንኑ መዝገቡን መክፈት ለምን ያስፈልገዋል? እናንተው በመሐላ ትነግሩታላችሁ። የግሪን ካርድ ማመልከቻው የስቴት፣ የፌዴራል ወይም የውጭ አገር የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ ጥሳችሁ ታውቁ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ የሕክምና ምርመራው አለ። ክትባቱን ካየ፣ ደም ካስቀዳ በኋላ ሐኪሙ «አደንዛዥ ዕፅ ትጠቀማለህ?» ይላል። የዋሁ ሰውዬ ኪሱ ገብቶ ካርዱን ያወጣል፦ «ሕጋዊ ነው ዶክተር፣ ይኸው።» ሐኪሙ ይጽፋል፤ ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ ይሰጠዋል፤ ሰውዬው ያልከፈተውን ፖስታ በገዛ እጁ አስረክቦ ይመጣል።

እስቲ ቁጠባውን እናስላ። በወር 80 ዶላር የሚያወጣ ሰው የሚተርፈው 9 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው፤ በዓመት 115 ዶላር ገደማ። ከዚህ ላይ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው የሐኪም ክፍያ ይነሳል። የዜግነት ማመልከቻ በኢንተርኔት 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው፤ ቢከለከል አይመለስም። መኮንኑም ወደኋላ አምስት ዓመት ያያል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያላችሁማ ዜጋ ብትሆኑም ካርዱ አያድናችሁም። በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ፣ የሾፌሮችን የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ውጤት የሚገመግመው ሐኪም የስቴት ማሪዋና ፈቃድን እንደ ምክንያት እንዳይቀበል ተከልክሏል። የወደቀው ምርመራ ክሊሪንግሃውስ ወደሚባለው የፌዴራሉ የሾፌሮች መዝገብ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ስቴቱ ሲዲኤሉን ራሱን ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ያወርደዋል።

ዜግነት ያለው፣ ኬሞ የሚያስመልሰው ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ግን ያውጣ፤ ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም። መጀመሪያ በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ይመዝገብ፤ የታካሚ ቁጥሩን ይያዝ፤ ሐኪሙ ጋ ከዚያ በኋላ ይሂድ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይከፍላል፤ ቁጥር የሌለውን ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሲስተሙ ላይ ማረጋገጥ አይችልም። ስም የሚሞላው መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ነው። የአባትና የአያት ስም መቀያየር የእኛ ሰው የዘወትር ጣጣ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ካርዱ ለአዋቂ ግዴታ አይደለም፤ ምዝገባው ይበቃል።

ግሪን ካርድ ይዛችሁ የማሪዋና ካርዱን አስቀድማችሁ ያወጣችሁ፣ አታሳድሱት። ከአገር ከመውጣታችሁም ሆነ ለዜግነት ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ቁጭ በሉ፤ ለእሱ ምንም አትደብቁ። ፎርሙ ላይ «አይ» ብሎ መዋሸትን የሚመክራችሁ ሰው ካለ ግን ስልኩን ዝጉበት፤ በመሐላ የተዋሸ ውሸት ለብቻው ዜግነት ያስከለክላል፣ ለሱ 30 ግራም የሚባል ቀዳዳ የለውም።