ቅዳሜ «መጥተን አጣንዎት» ማለት ምን ማለት ነው?

እናንተዬ፣ ደሜ ሳይበርድ ልጻፈው። ያቺ የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ዕቃ አምጥተን አጣንዎት» የሚልባት፣ 3849 የምትባል ብጣሽ ወረቀት ዛሬም ሳጥን ውስጥ! ማንን ነው ያጣችሁት? ቤት ሙሉ ሰው ቡና እየጠጣ! በር ሳይንኳኳ ተሞልታ ነው የምትመጣው ብዬ ብምል ኃጢአት አይሆንብኝም።

ወረቀቷን ይዤ ፖስታ ቤት ስሄድ፣ መስኮቱ ጋ ነጠላ የለበሱ እናት የራሳቸውን ወረቀት ዘረጉ።

«ዕቃው የለም።»
«የዛሬ ወረቀት እኮ ነው።»
«ለዚያ ነው የሌለው። ፖስተኛው መኪና ላይ ነው፤ ማታ ይመልሰዋል።»
«ማታ ልምጣ?»
«ቅዳሜ ነው ማም፤ በ1 PM እንዘጋለን። ሰኞ።»
«ሰኞ ሥራ ነኝ…»
«ቀጣይ!»

ዝንብ እሽ እንደማለት! እሳቸውም ወረቀቷን አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

ደብዳቤ በሳምንት 6 ቀን ማደል እ.ኤ.አ. በ2022 ሕግ ሆኗል። በ2013 የቅዳሜ ደብዳቤ ይቅር ሲባል ኮንግረሱ ነው እንቢ ያለው። እሰይ! ግን መስኮቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከተዘጋ ቅዳሜው ለማን ነው? እሑድማ አታንሱብኝ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ለአማዞን ካርቶን እሑድም ይሠራሉ። የጎረቤት ነጠላ ጫማ በሰንበት ደጁ ድረስ ይመጣል፤ የሰው ግሪን ካርድ መደርደሪያ ላይ ቁጭ!

ቆጠራው ደግሞ አይጠብቅም። የሚፈረምበት ደብዳቤ 15 ቀን ይቀመጥና ወደ ላኪው ይመለሳል። ኢሚግሬሽን የተመለሰበትን ግሪን ካርድ ደግሞ ሲልከው ባለቤቱ ራሱ መታወቂያ ይዞ ካልፈረመ አይሰጥም። ሥራ የማይለቅ ሰው 3801 የሚባለውን ፎርም ቀድሞ ሞልቶ ለፖስታ ቤቱ ቢያስገባ ሌላ ሰው ይፈርምለታል። ለእኚያ እናት ይሄን መንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? «ቀጣይ» ይቀላላ!

ሌላው ጉድ ስም ነው። ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው ስሙ ሳጥኑ ላይ ካልተለጠፈ ፖስተኛው ደብዳቤውን «እዚህ አይኖርም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በተለይ የለመደው ፖስተኛ ዕረፍት ወጥቶ ተተኪው የመጣ ቀን! የእኛ ስም ደግሞ የአባት፣ የአያት እየተባለ ባልና ሚስት እንኳ አይገጥሙም። ፕላስተር ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ፣ የእንግዳውንም ጭምር።

በኦንላይን «ድጋሚ አምጡልኝ» ብላችሁ የሚመጣውን ቅዳሜ መምረጥ ትችላላችሁ። ያኔም ያቺው ወረቀት ልትመጣ ትችላለች፣ በዚህ እንኳ አልዋሻችሁም።

ኤዲያ፣ ደከመኝ። ሰኞ በ9 AM ሲከፈት ሰልፉ በር ድረስ ነው፤ መስኮት ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ነው የሚሠራው።