ስልኩ ደህና፣ ባትሪው በሙጫ

ስልኬ ምንም አልሆነም፤ የደከመው ባትሪው ብቻ ነው። ደሴ ፒያሳ ላለ ጠጋኝ ሰጠሁት። «ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ በሙቀት ስናላቅቀው ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ኃላፊነት አልወስድም» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የአምራቾቹ ነው! ድሮ የኖኪያን ክዳን በጥፍራችን ከፍተን ባትሪ እንቀይር ነበር እኮ።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ቻርጀሩን ከካርቶኑ አወጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እሺ፣ እሱስ ይቅር።

የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ ለገበያው የሚቀርብ አዲስ ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶም ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ያስገድዳል። እኛስ? ስልክ የምንገዛው ለዓመታት ልንይዘው ነው። አገር ውስጥ ሲገባ ይህን የሚጠይቅልን ሕግ ያስፈልገናል!