ማስተካከያ፦ የእንግሊዙ «ፕሪፓራቶሪ» የእኛው 11ኛና 12ኛ አይደለም

በእንግሊዝ የገበያ ከተሞች ስላሉት ትንንሽ የግል ትምህርት ቤቶች በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ከባድ ነው። «ፕሪፓራቶሪ» ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ለተቃረቡ የ16 እና የ17 ዓመት ተማሪዎች ነው ብያለሁ። አይደለም። እዚያ አገር ፕሪፓራቶሪ የትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ነው፤ በ11 ወይም በ13 ዓመት ይጠናቀቃል። ልጆቹን የሚያዘጋጀው ለሁለተኛ ደረጃ ነው። «ኮመን ኢንትራንስ» የሚባለው የመግቢያ ፈተናም ለእነዚሁ ዕድሜዎች የወጣ ነው። እኛ ዘንድ ቃሉ ለዓመታት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጠሪያ ስለነበር፣ ስታነቡ ልብ በሉ። የ16 ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ መፈለግ ያለበት «ሲክስዝ ፎርም» የሚባለውን፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ሁለት የትምህርት ዓመታት ነው። እሱ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም አለ።

ሁለተኛው፣ ክፍያው ታክስ የለበትም ማለቴ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ታክስ ሳይጨምር 5,000 ፓውንድ የተባለ የአንድ ተርም ክፍያ፣ ታክሱ ሲታከልበት 6,000 ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ማስተካከያው የተወሰደው ከብሪታኒያ መንግሥት የታክስ መመሪያና ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ካወጡት የቅበላ መረጃ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ተመላላሽ ናቸው፣ ልጆቹ ማታ ቤታቸው ይገባሉ ያልኩት ግን እንዳለ ይቆያል።

በእኔ ጽሑፍ ተመርታችሁ ለትልቅ ልጅ ማመልከት የጀመራችሁ ካላችሁ፣ የምዝገባ ገንዘብ ሳትከፍሉ አቁሙት፤ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ላደናገርኳችሁ ሁሉ ከልብ ይቅርታ።