ለምስክር ሦስት ሰው ጠፋ

የሰፈሬ ሰዎች፣ ዛሬ የወረዳውን ሹም ልወቅስ አልመጣሁም። እሱንማ ቡና በጠጣን ቁጥር እንወቅሰዋለን። ዛሬ የምናገረው እናንተን ነው። ራሴንም።

እማማን ቀብረን ስንመለስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የእድሩ አግዳሚ አልበቃ ብሎ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ንፍሮ እየቃምን፣ ካርታ እየተጫወትን አመሸን። ያሳደጓት ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። "አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ" ያላላት ማን ነው? እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ብያታለሁ።

በአርባቸው ማግስት ከወረዳ መጡ። የቀበሌ ቤቱ የኪራይ ውል በሟች ስም ነው፣ አንቺ ደባል ነሽ አሏት። ደባል! እዚያች አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ዳዴ ብላ ያደገችውን፣ እማማ አልጋ ከያዙ በኋላ አራት ዓመት እያገላበጠች ያጠበቻቸውን ልጅ። እንደ ልጅ አብራቸው መኖሯን የሚናገሩ ሦስት ጎረቤቶች አምጪ ተባለች።

ቤት ለቤት ዞረች። አንዱ ሥራ አለብኝ አላት። አንዷ "ባሌን ልጠይቅ" ብላ ገባች፤ እንደገባች ቀረች። እኔ ጋ ስትመጣ ቤት ነበርኩ። ትንሿን ልጄን "አባባ የለም በያት" ብዬ ላክኋት። ለምን መሰላችሁ? በጓሮ በኩል ያለ ፈቃድ የቀጠልኳት የቆርቆሮ ማድቤት አለች። ከመሰከርኩ መጥተው ያፈርሷታል ብዬ ነው። ልጄ ያልኳትን አለች። ልጅቷም "እሺ የኔ ቆንጆ" ብላት ሄደች። ጫማዬ ግን በሩ ላይ ነበር። አይታዋለች።

ረቡዕ ቤቱ ታሸገ። ፍራሹ፣ ረከቦቱ፣ የእማማ ፎቶ ደጅ ላይ ተቆለለ። ዝናብ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ገባ። የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ቁልፉ በስንት እንደተገዛ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። በሹክሹክታ።

የአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት እኮ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ውስጥ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ነው። የደሃ መጠለያ ሆኖ ኖረ። ዛሬ ግድግዳው እየፈረሰ ቁልፉ ይሸጣል። ኮንዶሚኒየሙንም አይተናል። የ2014ቱ ዕጣ ዳታው ተነካክቷል ተብሎ ሲሰረዝ ጥቂት ቀን ጮኽን፤ ከዚያ ወደየሥራችን።

ሹሙንስ ማን አሳደገው? "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብለን የተረትንለት እኛ ነን። ሳይበላ የወረደውን ሞኝ እንለዋለን። ወረፋ ለመዝለል "ለሻይ" ብለን እናቀብላለን። የሰው ቤት ሲታሸግ ደግሞ "ጎመን በጤና"። አፈርኩባችሁ ልል እፈልግና ጫማዬ ትዝ ይለኛል።

ልጅቷ አሁን ጓደኛዋ ጋ መሬት ላይ ትተኛለች። ግን አልተወችም፤ ክፍለ ከተማ አቤቱታ አስገብታለች። ትናንት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። "ጋሼ፣ ማክሰኞ መታወቂያዎን እንዳይረሱ" ብቻ አለችኝ።

እሄዳለሁ። ማድቤቷን ከፈለጉ ያፍርሷት። ጉልት ሽንኩርት የምትሸጠዋም እመጣለሁ ብላለች፤ የዚያን ቀን ገበያዋን ትታ። ብዙ ተስፋ አድርጌ አይደለም። ፋይሉ የለም ሊሉን ይችላሉ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሊሉን ይችላሉ። ያው እንደተለመደው እንመላለሳለን።

ሁለት ሞልተናል። አንድ ሰው ይቀረናል። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ታክሲ ተራው ጋ ቆመን እንጠብቃለን።